የጎበጠው ግድግዳ

ያን እሁድ አያንቱ ቀይ ሻርፗን ሦስት ጊዜ አሰረችው፣ ሦስት ጊዜ ፈታችው። በመጨረሻ እንደነገሩ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችውና ኦልድ ካምፓላ ወደሚገኘው ማተሚያ ቤት ሄደች። እሁድ ሥራ እንደሌለ ታውቃለች። አለቃዋ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን አንድ አስቸኳይ ፕላን ለማተም በሩን ገርበብ አድርገው እንደሚገቡም ታውቃለች። ፕላኑ የማን እንደሆነማ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ስትደርስ ሥራው አልቋል። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ወረቀቶቹን ጠቅልለው ረጅሙ ቱቦ ውስጥ ከተዋል፤ የቱቦውን አፍም ዙሪያውን በፕላስተር አሽገውታል። ሁለት ዓመት አብራቸው ስትሠራ ቱቦ በፕላስተር ሲያሽጉ አይታቸው አታውቅም።

«ይኼ በቦዳ ሞተር ነው የሚሄደው» አሏት፣ ፊቷን ሳያዩ። «አንቺ ቤትሽ ግቢና እረፊ።»

«እኔ አደርሰዋለሁ ጋሼ።»

«ደንበኛው በቦዳ ላኩልኝ ብሏል።»

«እኔስ በእግሬ ልሄድ ነው እንዴ? በቦዳ ነው እኮ የምሄደው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁላት ነበር። አሁን መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር። መነጽሩ ጠራ፤ እሳቸው ግን መጥረጉን አልተዉም።

«ዛሬ ባትሄጂ ደስ ይለኛል፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ሊዘንብ ነው።»

ጥር ነው፤ ሰማዩ ላይ ለመድኃኒት የሚሆን ደመና የለም። አያንቱ ሳቀችና ቱቦውን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ ጉንጫቸውን ስማ ወጣች። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆመው አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ወሬ ከአፋቸው አይወጣላቸውም።

ልጅቱ እንዴት አልጠረጠረችም ይባል ይሆናል። አያንቱ ሞኝ አይደለችም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን የሰማችውንም ያየችውንም ሁሉ ወደ ደስታ ትተረጉመው ነበር። ደንበኛው፣ የምትወደው ኣቤሰሎም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለላከችለት መልእክት ሁሉ «ትንሽ ቢዚ ነኝ» ከማለት በቀር አልመለሰላትም። ዓርብ ዕለት ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ስልክ ዘግተው «እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ናጉሩ ላይ ለቤተሰቡ ሊያቀርበው ነው» የሚል ቃል ሲያመልጣቸው፣ ለአያንቱ የሁለቱ ሳምንት ዝምታ በአንድ ጊዜ ተፈታላት። ሊያስገርመኝ ነው፣ አለች በልቧ። ቦርሳዋ ውስጥ ስድስት ወር ሙሉ ይዛው የምትዞር ደብዳቤ ነበርና።

የደብዳቤውን ነገር ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

አያንቱ ደሬሳ አርክቴክት ናት። አዳማ ተምራ፣ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ሦስት ዓመት ሠርታ ነው ካምፓላ የገባችው። የገባችው ግን በስደተኛ ወረቀት ስለሆነ ዲግሪዋን ዞር ብሎ ያየላት አልነበረም። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሰው ፕላን ታትማለች፣ ታጥፋለች፤ ሲመቻት ደግሞ ለሰው ቤት ትነድፋለች። የነደፈችው ላይ ፈቃድ ያለው አርክቴክት ማኅተም ይመታበታል። ሕጉ ነው፤ በዚህ አትከፋም። የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ በስተቀኝ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ «ነዳፊ» ተብሎ ስም የሚጻፍባት። አያንቱ ካምፓላ ውስጥ ስንት ቤት ነድፋ እዚያች ሳጥን ውስጥ አንድም ቀን ስሟ አልገባም። ማኅተም የሚመቱላት አዛውንት አርክቴክት አንድ ቀን «በስምሽ የወጣ አንድ ሥራ አሳዪኝ፤ ቢሮዬ ውስጥ ወንበር ይጠብቅሻል» ብለዋታል።

ኣቤሰሎም ወደ ማተሚያ ቤቱ የመጣው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ መጋቢት ነው። አባቱ ሲሞቱ ናጉሩ ኮረብታ ላይ የተዉትን አሮጌ ቤት ሆቴል ሊያደርገው ይፈልጋል። ትልቅ ሆቴል አይደለም። አሥራ አንድ ክፍል ብቻ ያለው፣ ሠፈሩ ውስጥ ገብቶ ሠፈሩን የማይጋፋ፣ እንግዳው ጠዋት የጎረቤት ዶሮ ሰምቶ የሚነቃበት። ይህን ሲነግራት እጁ አየር ላይ ክፍሎቹን ይሠራል። አያንቱ እጁን ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ቀና ስትል ዓይኑን አገኘችው። ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ በአጭር ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም።

ግቢውን የለኩት ሁለቱ ናቸው። መሐል ላይ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ነበር፤ ማንም ቢሆን ቁረጡት የሚለው። አያንቱ አይቆረጥም አለች። አዲሱ ኮሪደር በሚያልፍበት በኩል አንድ ወፍራም ሥር ከመሬት በታች እንደሚሄድ አወቀችና በዶማ ቆፍረው ተከተሉት። በሥሩ ላይ ገመድ ዘረጉ፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሱ ይዞ። ሥሩ በጎበጠበት ገመዱም ጎበጠ። አያንቱ ግድግዳውን በገመዱ ልክ አጎበጠችው። አፈሩን ከመመለሳቸው በፊት፣ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ በዶማ እንዳይቆርጠው፣ ሥሩ ላይ ሦስት ጡብ ደረደሩበት። «እንግዲህ ይህን የምናውቀው አንቺና እኔ ነን» አላት አፈሩን ከእጁ እያራገፈ።

ሰኔ ላይ በኮቪድ ምክንያት ከተማው ሲዘጋ ቦዳ ሰው መጫን ተከለከለ፤ ዕቃ ግን ይጭናል። አያንቱና ኣቤሰሎም አርባ ሁለት ቀን ሳይተያዩ ቆዩ። ፕላኑ ግን በቱቦ ይመላለስ ነበር፤ ቱቦው ውስጥ፣ በወረቀቶቹ መሐል ተጠቅልሎ፣ ደብዳቤ። ቤቱ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ውስጡ በሚታይበት ስዕል ላይ አርክቴክቶች የቤቱን ቁመት ለማሳየት ትናንሽ ሰዎች ይስላሉ። አያንቱ በሰባተኛው ክፍል በረንዳ ላይ ሁለት ሰዎች አቆመች። አንዱ ረዘም ብሎ ትንሽ ጎንበስ ያለ ወንድ፣ አጠገቡ አንገቷ ላይ ሻርፕ ያደረገች ሴት። ኣቤሰሎም በማግሥቱ መለሰላት፤ «ሁለቱን አገኘኋቸው። ከዚያ በረንዳ እንዳታወርጃቸው» ብሎ። ከሥሩም ያ በቦርሳዋ ይዛው የምትዞረው ቃል ነበር፤

«ፕላኑ ለእናቴ በሚቀርብበት ቀን ይህን ቤት ያሰበችው ይህች ናት፣ እኔም የማስበው እሷን ነው እላለሁ። ስምሽን በሰው ፊት የምጠራው እኔ ነኝ። እስከዚያ ታገሺኝ።»

ታገሠች። ኅዳር ላይ «ማኅተም ለሚመታው ሰው ልላክለት» ብሎ ፋይሉን ሲጠይቃት ደግሞ ሰጠችው። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያስጠነቅቋት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነበር። ለደንበኛ የታተመ ወረቀት ይሰጣል፤ ፋይል አይሰጥም። ፋይል ያገኘ ሰው ስም መሰረዝም መጻፍም ይችላል። አያንቱ ይህን ለስንት ጀማሪ አስተምራለች። ኣቤሰሎም ግን ለእሷ ደንበኛ አልነበረም፤ ፋይሉን የያዘውን ፍላሽ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ናጉሩ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀራል። የግቢው በር ክፍት ነው። በረንዳው ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ዙሪያውን አራት ሰዎች። ኣቤሰሎም ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ያደረጉት ሴት እናቱ ወይዘሮ ኣርሴማ እንደሆኑ ከፎቶ አውቃቸዋለች። ኮፍያ ያደረገው ታፈሰ ነው፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ለሐበሻ ሁሉ ቤት የሚሠራ ተቋራጭ። አራተኛዋን፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰችውን ወጣት፣ አታውቃትም።

ኣቤሰሎም ዞር አለ። የአያንቱ አፍና አፍንጫ በማስክ ተሸፍኗል፤ ከዓይኗ ለያት። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየችው ደስታ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። አያንቱ ግን ይህንንም ተረጎመችው፤ ጨንቆት ነው፣ የኔ ጌታ፣ አለች።

«ከማተሚያ ቤት ነሽ ጓለይ?» አሉ ወይዘሮ ኣርሴማ። ካዛንቺስ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛቸው ላይ እንዲህ አልፎ አልፎ ትግርኛ ጣል ያደርጉበታል፤ ጓለይ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ነይ፣ ግቢ። በዚህ ፀሐይ! ውሃ ስጧት። እሰይ፣ በጥሩ ሰዓት መጣሽ። የልጄ እጮኛ የነደፈችውን ሆቴል ልናይ ነው።»

ነጭ ሸሚዝ የለበሰችው ልጅ አፍራ ፈገግ አለች። «ሳሊና እባላለሁ» ብላ የውሃውን ብርጭቆ በሁለት እጇ አቀበለቻት።

ሰው ቢመታ ይጮኻል። አያንቱ ግን ማስኳን ገለጥ አድርጋ ውሃውን ጠጣች። እጮኛ የሚለውን ሰማች፤ የነደፈችው የሚለውን ሰማች። ሁለቱ ቃላት ጆሮዋ ውስጥ ቢገቡም ትርጉማቸው ገና አልደረሰም ነበር። እጆቿ የለመዱትን ሠሩ። ፕላስተሩን ላጡ፣ ወረቀቱን አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ሲያስቸግር ወይዘሮ ኣርሴማ ከቅርጫት አራት አቮካዶ አንስተው አራቱ ማዕዘን ላይ አስቀመጡ። የዚያው ዛፍ አቮካዶ ነው።

የራሷ መስመር ነው። እናት የልጇን አረማመድ ከሩቅ እንደምታውቀው እያንዳንዱን መስመር አወቀችው። አሥራ አንዱ ክፍል፣ ዛፉ፣ የጎበጠው ግድግዳ። ዓይኗ በመጨረሻ ወደ ቀኙ ግርጌ ወረደ፣ ወደዚያች ትንሽ ሳጥን። ነዳፊ፦ ሳሊና ሓድሽ።

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ለምን በፕላስተር እንዳሸጉት ያን ጊዜ ገባት። የሌላ ሰው ስም የተጻፈበትን የራሷን ሥራ በራሷ ትከሻ ተሸክማ፣ ቀይ ሻርፕ አድርጋ መጥታለች። ወደ ኣቤሰሎም ቀና አለች። እሱ ዛፉን ያያል።

መሄድ ትችል ነበር። ዕቃ አድርሳለች፤ ማንም «ቁጭ በይ» አላላትም። ግን እግሯ እምቢ አለ። ምናልባት አሁን ይናገራል፤ ምናልባት ቃሉን የሚያወጣበት ቦታ አጥቶ ነው። ተስፋ እንዲህ ነው የሚያዋርደው።

ታፈሰ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያንሸራተተ ሁሉንም አደነቀ። ኮሪደሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይቺ ግድግዳ ለምን ጎበጠች?»

ሳሊና ጎንበስ ብላ አየች። «እኔ የመጀመሪያውን ንድፍ ያገኘሁት ከኣቤሰሎም ነው። ራሱ የሣለው ነው፤ እኔ የወለሉንና የቤት ዕቃውን ነው የጨመርኩት። ስሜን ያስገባልኝም እሱ ነው። ይህን ግን አልገባኝምና ሳልነካው ተውኩት። ኣቢ፣ ለምንድን ነው የጎበጠው?»

ኣቤሰሎም አፈሩን፣ ገመዱን፣ ሦስቱን ጡብ ያውቃል። በካምፓላ ከተማ ውስጥ ይህን ጥያቄ ሊመልሱ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም እዚያ በረንዳ ላይ ቆመዋል። አያንቱ አየችው። አንድ ቃል ብቻ ጠበቀች። ሥሩ ብሎ ቢጀምር፣ ከሥሩ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ እሷ ይደርስ ነበር።

«ስህተት ነው» አለ ኣቤሰሎም። «ቀጥ ይበል።»

ታፈሰ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

«አይደለም» አለች አያንቱ።

ሁሉም ዞሩ። ራሷም የራሷን ድምፅ ሰምታ ደነገጠች። ማስኳን ዝቅ አደረገች።

«ስህተት አይደለም፣ ኢንጂነር። ግድግዳው ባለበት በኩል የዛፉ ዋናው ሥር ያልፋል። ቀጥ ካደረጉት ለመሠረት ሲቆፍሩ ሥሩ ይቆረጣል፤ ዛፉም በሁለት ክረምት ውስጥ ይህ በረንዳ ላይ ይወድቃል። ከኮሪደሩ ጥግ አራት እርምጃ ወደ ውጭ፣ ክንድ ያህል ቢቆፍሩ ሦስት ጡብ ያገኛሉ። ሥሩ ከጡቦቹ በታች ነው።»

ወይዘሮ ኣርሴማ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «አንቺ በምን አወቅሽ ጓለይ?»

አያንቱ ኣቤሰሎምን አየችው። ይህን ያህል ዕድል ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ሌሎቹም ዓይኗን ተከትለው አዩት።

ኣቤሰሎም ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲታተም አይታው ይሆናል» አለ። «ማተሚያ ቤት ስለምትሠራ።»

አያንቱ ከዚህ በፊት ብዙ ነገር ትታ መጥታለች። አገር ትታለች፣ ሥራ ትታለች። ያን ጊዜ ሁሉ እንዲህ ባዶ የሆነችበት ቀን ትዝ አይላትም። የሌላ ስም ጻፈ፤ እሺ። ሌላ አጨ፤ እሱንም እሺ። ይህን ግን አሁን፣ ዓይኗን እያየ አለው።

ታፈሰ ሰው ሲናገር ከሚሰማ ይልቅ መሬቱን የሚያምን ሰው ነው። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዶማ አንስቶ ወረደ። አራት እርምጃ ቆጠረ፤ ቆፈረ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ዶማው ጡብ ሲነካ በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ተንበርክኮ በእጁ ጠረገው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሥር ያለውን ዳሰሰና ቀና ብሎ አያንቱን አያት። ኮፍያውን አወለቀ።

«እህቴ» አለ፣ «ይህ ሲታተም የሚታይ ነገር አይደለም።»

ሳሊና ወረቀቱ ላይ አጎንብሳለች። ቀስ ብላ ሁለተኛውን ወረቀት ገለጠችና ጣቷን ሰባተኛው ክፍል በረንዳ ላይ አሳረፈች። ስትናገር ድምፅዋ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

«እነዚህን ሁለት ሰዎችስ ታውቂያቸዋለሽ?»

«አንቺ ማናቸው ተባልሽ?» አለቻት አያንቱ።

«እኔና እሱ ነን ብሎኛል። ናይሮቢ ሳለሁ ነው የላከልኝ። ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ጠዋት ስነሣ የማየው እሱን ነው።» ጣቷ የሴቲቱ አንገት ላይ ቆመ። «እኔ ግን ሻርፕ አድርጌ አላውቅም። ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።»

ቀና ብላ የአያንቱን አንገት አየች። ቀዩን ሻርፕ። ስልኳን ከጠረጴዛው አንስታ በግንባሩ ደፋችው። አያንቱ ይህችን ልጅ ልትጠላት ፈለገች። አልቻለችም። ሁለቱ በአንድ ስዕል ተሞኝተዋል።

ባዶውን ቱቦ አንስታ ደረጃውን ወረደች። ኣቤሰሎም የግቢው በር ላይ ደረሰባት።

«አያንቱ» አላት በሹክሹክታ። «በዚህ መንገድ እንድታውቂ አልፈለግሁም።»

«በምን መንገድ ነበር የፈለግከው? ሆቴሉ ተከፍቶ እንግዳ ሆኜ ስመጣ?»

«ስሚኝ እንጂ። በአንቺ ስም ባቀርበው እናቴ ቤቱን አትለቅልኝም ነበር። ወረቀት የሌላት፣ ዘመድ የሌላት ልጅ ነደፈችው ብላት... የደከምንበት ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ቤቱ እንዲሠራ ብዬ ነው። ያንቺ ቤት እንዲሠራ ብዬ።»

«እናትህ ስሜን ሰምተው እምቢ ብለው ያውቃሉ?»

ኣቤሰሎም የበሩን መቀርቀሪያ ይነካካ ጀመር።

«ጠይቀሃቸው ታውቃለህ ወይ ነው የምልህ።»

«መልሷን አውቀዋለሁ።»

«አልጠየቅካቸውም» አለች አያንቱ። ከሁሉም ይልቅ ይህ ነው ያቃጠላት። እናት ከልክለውት ቢሆን ተሸንፎ ነው ትል ነበር፤ ይቅር የምትልበት ቀዳዳ ታገኝ ነበር። እሱ ግን ሳይታገል ነው ያስረከባት። «ሳሊናስ? እሷንም ለቤቱ ብለህ ነው?»

«ቤተሰቦቻችን የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ነገሩ እየገፋ መጣ። ሆቴሉ ከተከፈተ በኋላ ሁሉንም እናገራለሁ ብዬ ነበር።»

«ለማን? ስለ እሷ ለእኔ ወይስ ስለ እኔ ለእሷ?»

ዓይኖቹ ያው የምትወዳቸው ዓይኖች ናቸው፤ እንባ ሞልቷቸዋል። አያንቱ እጇን ዘርግታ ልትጠርግለት ስትል ራሷን ያዘች። ይህን ያህል እንኳ እንደምትወደው ባታውቅ ይሻላት ነበር።

ቦርሳዋን ከፈተችና ደብዳቤውን አወጣች። ጠርዙ አልቋል፤ ስድስት ወር ሙሉ ተከፍቶ ታጥፏል። እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«አሁን ጥራኝ» አለችው።

«ምን?»

«ስሜን። እዚያ በረንዳ ድረስ እንዲሰማ አድርገህ። ከአንተ የጠየቅኩት ሌላ ነገር የለም፤ ይህንንም ቃል የገባኸው ራስህ ነህ። ጥራኝና የቀረውን ሁሉ እንነጋገራለን።»

ኣቤሰሎም ወደ በረንዳው ዞረ። እናቱ ቆመዋል። ሳሊና ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳለች። ታፈሰ ኮፍያውን እንደያዘ ከጉድጓዱ አጠገብ ነው። ሁሉም ወደ በሩ ያያሉ። መልሶ ወደ አያንቱ ዞረ።

«አያንቱ» አለ።

ከእሷ በቀር የሰማው አልነበረም። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነበር የሚጠራት፤ ማተሚያ ቤቱ ጓሮ፣ ስልክ ላይ፣ በተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ። እሷ ሹክሹክታውን ፍቅር ይመስላት ነበር።

«ጓለይ!» የወይዘሮ ኣርሴማ ድምፅ ነው፣ ከበረንዳው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሁለት ደረጃ ወርደዋል። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ እንደ ማፈር ያለ ነገር አለ። «ይህን ሁሉ ነግረሽን ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅሽ። ማን ልበልሽ?»

አያንቱ ለመጨረሻ ጊዜ ኣቤሰሎምን አየችው። ጠበቀችው። እሱ ጫማውን ያያል።

«አያንቱ እባላለሁ» አለች ወደ በረንዳው ዞራ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «አያንቱ ደሬሳ። ይህን ቤት የነደፍኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ኣርሴማ «አያንቱ» ብለው ቀስ ብለው ሲደግሙት ሰማች፤ ከዚያ ልጃቸውን በስሙ ጠሩት፣ በትግርኛ፣ እናት ልጇን ለጥያቄ በምትጠራበት ቃና። አያንቱ የሚሆነውን ለማየት አልቆየችም።

በቦዳ ተሳፍራ የናጉሩን ቁልቁለት ወረደች። ባዶው ቱቦ ጀርባዋ ላይ ይወዛወዛል፤ ነፋሱ ሻርፑን እያነሣ ፊቷ ላይ ይመልሰዋል። የቦዳው ሰውዬ መታጠፊያው ላይ ቀዝቀዝ አደረገና «ኛቦ፣ እመቤቴ፣ ወዴት ልታጠፍ?» ብሎ ጠየቃት። አያንቱ ፊቷን በሻርፑ ሸፈነች። ሰውዬው በመስታወቱ አያትና ዳግመኛ ሳይጠይቅ ቀጥታውን ነዳ።

ስሟን ተናግራለች። አራት ሰዎች ሰምተዋታል፤ የጎረቤት ግቢም ሳይሰማ አልቀረም። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አስባው ነበር፣ ድምፁን፣ ቃሉን፣ የሚቆሙበትን ቦታ ሳይቀር። እንደዚያ ጮክ ብሎ እንዲጠራላት የፈለገችው ሰው ግን ሌላ ነበር።